የሸራ እይታ አያያዝ በኮምፒዩተር ሥዕል

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)




የዝግጅት ክፍሉ ስለ ኮምፒዩተር ሥዕል አንድ ንግግር እንዳቀርብ ሲጠይቀኝ ርዕሱን የመወሰኑን ነገር ለእኔ ትቶልኛል። ስለ ብሩሾች ብዛት፣ ስለ ቀለም አመራረጥ ወይም ስለ ንጣፎች አደራረብ መናገር ይቻል ነበር። የመረጥሁት ግን ከሁሉም አነስተኛ መስሎ የሚታየውን፣ በማስተማሪያ መጻሕፍት ውስጥም ብዙውን ጊዜ በጥቂት መስመር የሚታለፈውን ጉዳይ ነው፤ ይኸውም ሸራውን በስክሪኑ ላይ የማጉላት፣ የማሳነስ፣ የማንሸራተት፣ የማዞርና በመስተዋት መልክ የማየት ጉዳይ ነው።

ለምርጫዬ ምክንያት አለኝ። ከመካከላችን ብዙዎቻችን ሥዕልን የተማርነው በሸራ ፊት ቆመን ነው። ከእኛ በኋላ የመጡት ወጣቶች ደግሞ የመጽሐፍ ሽፋኑን፣ ፖስተሩንና የሕፃናት መጽሐፍ ሥዕሉን በአመዛኙ ተቀምጠው በታብሌት ላይ ይሠራሉ። በእነዚህ ሥራዎች ላይ በተደጋጋሚ የሚታይ አንድ ጉድለት አለ። ዐይኑና ሽፋሽፍቱ በጥንቃቄ የተሠራለት ፊት በትከሻው ላይ ተጣምሞ ተቀምጦ ይገኛል፤ የቀሚሱ ጥልፍ ክር በክር ተቆጥሮ ሳለ የአካሉ ሚዛን ተዛብቶ ይታያል። ይህ ጉድለት ከእጅ አለመሠልጠን የመጣ አይደለም፤ ያን ያህል ዝርዝር የሠራ እጅ የሠለጠነ እጅ ነውና። ጉድለቱ የሚመጣው ሠዓሊው ሥራውን ከምን ያህል ርቀት እያየ እንደሚሠራ ካለማሰቡ ነው። ስለሆነም ንግግሬ ስለ ቁልፎችና ስለ ትእዛዞች ቢመስልም ፍሬ ነገሩ ስለ ሠዓሊው ዐይን መሆኑን ከወዲሁ ለማስገንዘብ እወዳለሁ።

ሥዕሉና እይታው

በቅድሚያ አንድ መሠረታዊ ልዩነት ግልጽ መሆን ይገባዋል። በኮምፒዩተር ሥዕል ውስጥ ሥዕሉ ራሱ አንድ ነገር ነው፤ የሥዕሉ እይታ ሌላ ነገር ነው። ሥዕሉ ፒክስል በሚባሉ ጥቃቅን ባለቀለም ነጥቦች የተገነባ ሲሆን፣ እይታው ኮምፒዩተሩ እነዚያን ነጥቦች ለጊዜው በስክሪኑ ላይ የሚያሳይበት መንገድ ነው። እይታውን አሥር ጊዜ ብናጎላው፣ መቶ ጊዜ ብናዞረው ከሥዕሉ አንዲት ነጥብ አትነካም።

ሥዕሉን ራሱን ማዞር ግን ከዚህ የተለየ ነው። ሥዕሉን በ15 ዲግሪ አዙረን ከሠራንበት በኋላ ወደ ቦታው ብንመልሰው፣ ፕሮግራሙ በሁለቱም ጊዜ ነጥቦቹን እንደገና አስልቶ ስለሚያስቀምጣቸው ጠርዞቹ ይደበዝዛሉ፤ የመጀመሪያው ጥራትም አይመለስም። በ90 ዲግሪ ማዞርና ግራውን ወደ ቀኝ መገልበጥ ብቻ ከዚህ ጉዳት ነፃ ናቸው፤ በእነዚህ ጊዜ ነጥቦቹ ቦታ ይለዋወጣሉ እንጂ እንደገና አይሰሉምና። በፎቶሾፕ እይታን ብቻ የሚያዞረው መሣሪያ የገባው እ.ኤ.አ. በ2008 ሲ.ኤስ. 4 በተባለው እትም ነው። ከዚያ በፊት በዚሁ ፕሮግራም ሸራውን አዘንብሎ ለመሥራት የፈለገ ባለሙያ ሥዕሉን ራሱን ከማዞር በቀር ምርጫ አልነበረውም። ዛሬም ቢሆን «ምስል» በሚለው ዝርዝር ሥር የሚገኘው ትእዛዝና «እይታ» በሚለው ሥር የሚገኘው ትእዛዝ በስም ተመሳስለው በውጤት እንደሚለያዩ ለተማሪዎቻችን አስቀድመን ልናስረዳ ይገባል።

ከጅምሩ የነበረ ጥያቄ

የእይታ ጉዳይ የዛሬ ሰዎች የፈጠሩት ምቾት ብቻ አይደለም። ኢቫን ሰዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ1963 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ለዶክትሬት ማዕረግ ያቀረበው ስኬችፓድ የተባለው ፕሮግራም በስክሪን ላይ በብርሃን ብዕር መሣልን ካስቻሉት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። በዚህ ፕሮግራም ሠሪው የሥዕሉን መጠንና ቦታ በእጅ በሚዞሩ መዘውሮች ይቆጣጠር ነበር። ሥዕሉንም እስከ 2000 እጥፍ ማጉላት ይቻል ስለነበር፣ በዚያች ትንሽ ስክሪን ላይ የሚሠራው ሰው ጎኑ 400 ሜትር ገደማ በሚሆን ወረቀት ላይ እንደሚሥል ይቆጠር ነበር ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1984 ከመጀመሪያው የማኪንቶሽ ኮምፒዩተር ጋር የወጣው ማክፔይንት ለእኛ ይበልጥ ትምህርት ይሰጣል። የዚህ ፕሮግራም ሸራ 576 በ720 ነጥቦች የነበረ ሲሆን፣ በአንድ ጊዜ ለሠዓሊው የሚታየው 416 በ240 ነጥብ የሚሆነው ክፍል ብቻ ነበር። ከሦስት እጅ አንዱን እንኳ የማያህል ማለት ነው። ስለዚህ ፕሮግራሙን የሠራው ቢል አትኪንሰን ሦስት መላ አበጀለት። ሸራውን የሚያንሸራትት የእጅ ምልክት አደረገለት፤ ገጹን በሙሉ አሳንሶ የሚያሳይ ትእዛዝ ጨመረለት፤ እያንዳንዱን ነጥብ አግዝፎ የሚያሳይ «ፋትቢትስ» የተባለ እይታም ሰጠው። ሠዓሊው በዚህ በጎላ እይታ ሲሠራ በስክሪኑ ጥግ ላይ ያው ቦታ በእውነተኛ መጠኑ በትንሽ ሣጥን ውስጥ ይታየው ነበር። ማጉያው በተሠራበት ጊዜ የማጉላት አደጋው አብሮ ታስቦበታል ማለት ነው።

የቁጥሩ ማስረጃ

አደጋው ምን ያህል እንደሆነ በቁጥር እንመልከተው። በኤ 3 ወረቀት የሚታተም ቁም ሥዕል በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ሲዘጋጅ 3508 በ4961 ነጥብ፣ በጠቅላላው 17.4 ሚሊዮን ያህል ነጥብ ይሆናል። ብዙዎቻችን የምንሠራበት ስክሪን ግን 1920 በ1080፣ ማለትም 2 ሚሊዮን ያህል ነጥብ ብቻ አለው። ስለዚህ ሥዕሉን በሙሉ ለማየት እይታውን ወደ 20 በመቶ ዝቅ ማድረግ ግድ ነው። በ100 በመቶ፣ ማለትም አንዱ የሥዕል ነጥብ በአንዱ የስክሪን ነጥብ ላይ ሲያርፍ፣ የሚታየን ከሥዕሉ ከስምንት እጅ አንዱ ነው። በ400 በመቶ ደግሞ የሚታየን 480 በ270 ነጥብ ብቻ ነው፤ ይህም ከመላው ሥዕል ከ130 እጅ አንዱን እንኳ አይሞላም። በታተመው ወረቀት ላይ ሲለካ 4 ሳንቲ ሜትር በ2.3 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ቍራጭ ነው።

ሌላም ነገር አለ። 100 በመቶ ማለት የኅትመቱ እውነተኛ መጠን ይመስላቸዋል ብዙዎች። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። ባለ 24 ኢንች የሆነው ይኸው ስክሪን በአንድ ኢንች ውስጥ 92 ያህል ነጥብ ስለሚይዝ፣ በ300 ነጥብ የተዘጋጀ ሥዕል በ100 በመቶ ሲታይ ከኅትመቱ ከሦስት እጥፍ በላይ ገዝፎ ነው። የኅትመቱ መጠን የሚገኘው 31 በመቶ አካባቢ ነው። በ400 በመቶ የሚሠራ ሰው እንግዲህ አንባቢው ከሚያየው 13 እጥፍ ያህል የገዘፈ ነገር እያየ ይሠራል። የሽፋሽፍቱን ፀጉር አንድ በአንድ ሲቀባ የሚውለው ወጣት አብዛኛውን ድካሙን የሚያፈስሰው ማንም ዐይን በማያየው ነገር ላይ ነው።

ይህን ስል ማጉላት ክፉ ነው ማለቴ አይደለም። የፊደል ጠርዝ ለማስተካከል፣ ሳይታሰብ የቀረ ጭረት ለማጽዳት፣ የሁለት ቀለማትን መገናኛ ለመመርመር ማጉላት ያስፈልጋል። የመስመር ጥራትም መመዘን ያለበት በ100 በመቶ ነው፤ በ33 ወይም በ67 በመቶ ሲታይ ፕሮግራሙ ነጥቦቹን አቻችሎ ስለሚያሳይ ጥሩው መስመር የተሰባበረ፣ የተሰባበረውም ደህና ሊመስል ይችላልና። ልዩነቱ ይህ ነው፤ የጎላ እይታ ለማረም ይጠቅማል፤ የሥዕሉን አቋም ለመወሰን ግን አይበቃም።

ወደ ኋላ መራቅ

በሸራ ፊት ቆሞ የሚሠራ ሠዓሊ ከሥራው በየጊዜው ይርቃል። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ሠዓሊ ከሥራው ራቅ ብሎ እንዲመለከት መክሯል፤ ሲርቁት ሥራው አንሶ ስለሚታይ በአንድ ጊዜ ብዙውን ክፍል ለማየት እንደሚቻልና የሚዛን ጉድለቱ ቶሎ እንደሚገለጥ ጽፏል። ከምክሩም በላይ ሥራው ራሱ ያስገድድ ነበር። ቀለም ለመጨመር፣ ብሩሽ ለማጠብ፣ ወገብን ለማሳረፍ ሠዓሊው ይንቀሳቀሳል፤ ሲመለስም ሳያስበው ሥራውን ከሩቅ ያየዋል።

በኮምፒዩተር የሚሠራው ሠዓሊ ግን ይህን ግዴታ አጥቷል። ቀለሙ አያልቅበትም፤ ብሩሹ አይታጠብም፤ ወንበሩም ይመቸዋል። ስለሆነም ለሦስት ሰዓት ያህል ከአንድ ዐይን ጋር ተፋጦ ቢቀመጥ ከዚያ የሚያስነሣው ነገር የለም። ፕሮግራሙ የሠዓሊውን የጥንት እንቅስቃሴ ሁሉ በቁልፍ መልክ መልሶ ሰጥቶታል፤ አስገዳጁን ነገር ግን አልመለሰለትም። በእኔ እምነት የጉዳዩ ሥር ይህ ነው። ቀድሞ አካላችን ያስገድደን የነበረውን ነገር ዛሬ በልማድ ልንተካው ይገባናል።

መሣሪያው ግን አልጎደለም። በክሪታ፣ ባለቤቱ ካልለወጣቸው በቀር፣ 1 ቁጥር እይታውን ወደ 100 በመቶ ያመጣዋል፤ 2 ቁጥር ሸራውን በሙሉ ያሳያል። በፎቶሾፕ ሸራው ጎልቶ ሳለ «ኤች» የተባለውን ቁልፍ ተጭኖ በመያዝ በብዕሩ ሲነኩት ሥዕሉ በሙሉ ብቅ ይላል፤ ሲለቁትም ወደ ነበረበት ይመለሳል። በፕሮክሬት ሁለት ጣት ፈጠን አድርጎ ማቀራረብ ይበቃል። ከሁሉም የሚሻለው ግን ሁለት እይታዎችን ጎን ለጎን መክፈት ነው። ክሪታና ፎቶሾፕ ለአንድ ሥዕል ሁለተኛ መስኮት ለመክፈት ይፈቅዳሉ። በአንደኛው ጎልቶ ሲሠራ ሁለተኛው ሙሉውን ሥዕል እያሳየ ይቆያል። ናቪጌተር የተባለችው ትንሽ ሣጥንም ይህንኑ ታገለግላለች።

ምን ያህል ማሳነስ እንደሚገባ ለማወቅ ደግሞ ቀላል ስሌት አለ። ቁመቱ 2 ሜትር የሆነ ፖስተር በ20 ሜትር ርቀት የሚታይ ከሆነ፣ ከስክሪኑ 60 ሳንቲ ሜትር ርቆ ለተቀመጠ ሠዓሊ 6 ሳንቲ ሜትር ቁመት ካለው ሥዕል ጋር እኩል ሆኖ ይታያል። ቁመቱ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ የመጽሐፍ ሽፋንም ከመጻሕፍት ሻጩ መደርደሪያ በ2 ሜትር ርቀት ሲታይ መጠኑ ያው ነው። እንግዲህ እይታውን ወደ 6 ሳንቲ ሜትር አሳንሶ መመልከት መንገደኛው ወይም ገዢው የሚያየውን ማየት ነው። በዚያ መጠን ርዕሱ ካልተነበበ፣ ምስሉም ከመደቡ ካልተለየ፣ የጎደለውን የቱም ዝርዝር ሥራ አይሞላውም።

ይህ አስተሳሰብ ለአገራችን የሥዕል ሙያ እንግዳ አይደለም። በብዙ አብያተ ክርስቲያናት ሠዓሊው በጥጥ ጨርቅ ላይ የሣለው ሥዕል በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ ነበር። ሠዓሊው በቅርብ ሆኖ የሠራው ከፍ ብሎ ይሰቀላል፤ ምእመኑ ግን ከታች ቆሞ ያየዋል። ትልልቆቹ ዐይኖችና ደማቁ የዳር መስመር ከዚያ ርቀት ሳይቀር በግልጽ ይነበባሉ። ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ በአዲስ አበባ ለአፍሪካ አዳራሽ የሠሩት ባለቀለም የመስተዋት ሥዕልም 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍን ሲሆን፣ ወደ አዳራሹ የሚገባውን እንግዳ አስቀድሞ የሚቀበለው ዝርዝሩ ሳይሆን የታላላቁ ቅርጽና የቀለሙ አቀማመጥ ነው።

መስተዋቱ

ሁለተኛው የዐይን ረዳት መስተዋት ነው። ጣሊያናዊው ሊዮን ባቲስታ አልቤርቲ እ.ኤ.አ. በ1435 ስለ ሥዕል በጻፈው መጽሐፍ የሥዕል ጉድለት በመስተዋት ውስጥ ጎልቶ እንደሚታይ ገልጿል። ከእርሱ በኋላም ሊዮናርዶ ይህንኑ ምክር አጠናክሮታል። «የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል» እንደሚባለው፣ ዐይናችን ዘወትር የሚያየውን ነገር መመርመር ይተዋል። የተጣመመ ፊት ለሁለት ሰዓት ሲያዩት ቀጥ ያለ ይመስላል። ሲገለበጥ ግን ዐይን እንደ እንግዳ ሥራ ስለሚያየው መጣመሙ ወዲያው ይገለጣል። በክሪታ «ኤም» የሚለው ቁልፍ ይህን በቅጽበት ይፈጽማል፤ ሥዕሉንም አይነካውም።

እዚህ ላይ ሁለት ማሳሰቢያዎች አሉኝ። አንደኛ፣ መስተዋቱ የሚያሳየው ሁሉ ስሕተት አይደለም። የሁለት ዐይኖች አለመስተካከል፣ የአንገት መዝመም፣ የአድማስ መዘንበል በእርግጥ ጉድለቶች ናቸው። የሥዕሉ የአቅጣጫ ስሜት መለወጥ ግን ተፈጥሯዊ ነው። ከግራ ወደ ቀኝ እንዲያልፍ የታሰበ ፈረሰኛ ሲገለበጥ ወደ መጣበት የሚመለስ ይመስላል፤ ይህ መታረም የሚገባው ነገር አይደለም። ሁለተኛ፣ እይታው እንደተገለበጠ ረስቶ የሚቀጥል ሠዓሊ ሰይፉን በግራ እጅ ያስይዛል፤ በስቅለት ሥዕል ላይም በጌታ ቀኝ የሚሰቀለውን ወንበዴ ወደ ግራ ያዛውራል። ስለዚህ መስተዋቱ ለማየት ይከፈት፤ ከታየም በኋላ ይዘጋ። ትንሽ እርማት በዚያው ቢደረግ ግድ የለም፤ ፊደልና ቀኝና ግራ ትርጉም ያለው ነገር ግን በቀናው እይታ ብቻ ይሠራ።

የእጅ አንጓና የሸራ መዞር

ሸራን ማዞር ከሁሉ በፊት የሚያገለግለው እጅን ነው። የእጅ አንጓና ክርን በተፈጥሯቸው ቅስት መስመር የሚያወጡት ወደ አንድ አቅጣጫ ነው። በወረቀት የሚሠራ ሰው ይህን ስለሚያውቅ ወረቀቱን ያዞራል እንጂ እጁን አያጣምምም። ስክሪን በሌለው ታብሌት ላይ ግን ታብሌቱን ራሱን ማዞር አይረዳም፤ ብዕሩ በታብሌቱ ላይ የሄደበት አቅጣጫና መስመሩ በስክሪኑ ላይ የሚሄድበት አቅጣጫ ይለያያሉና። መፍትሔው እይታውን ማዞር ነው። በክሪታ 4 ቁጥርና 6 ቁጥር ሸራውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያዞራሉ፤ 5 ቁጥር ወደ ቀናው ይመልሰዋል። በፎቶሾፕ «አር» የሚለው ቁልፍ መሣሪያውን ያወጣል፤ «ኤስኬፕ» ይመልሰዋል።

ይህን ልማድ የማያውቁ ወጣቶች ረጅሙን ቅስት በማይመች አቅጣጫ ደጋግመው እየሣሉ፣ እየሰረዙ፣ አንጓቸውን ያደክማሉ። በሙያችን አንጓ መተዳደሪያ ነው። ሆኖም ሸራው እንደተዘነበለ ረጅም ጊዜ መሥራት ሌላ ችግር ያመጣል፤ ቀጥ ብሎ መቆም ያለበት ግድግዳና ዓምድ ቀስ በቀስ ከሸራው ጋር ይዘምማል። ስለዚህ መስመሩ ከተሳለ በኋላ ሸራው ወደ ቀናው ይመለስ።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ የዘረዘርኳቸውን ወደ ተግባር ለመለወጥ ሦስት ሐሳቦችን ለማኅበሩ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ማንኛውም የኮምፒዩተር ሥዕል በሙሉ እይታ ይጀመር፤ የታላላቁ ቅርጽ፣ የብርሃኑና የጥላው አቀማመጥ ሳይወሰን ከ100 በመቶ በላይ አይጎላ። ሁለተኛ፣ ሠዓሊው በየሃያ ደቂቃው ብዕሩን አስቀምጦ ሥራውን በሙሉ፣ ቀጥሎም በ6 ሳንቲ ሜትር መጠን፣ በመጨረሻም በመስተዋት ይመልከት። ይህ ሁሉ ከአንድ ደቂቃ በላይ አይወስድም። ሦስተኛ፣ የምናስተምር ሰዎች የተማሪን ሥራ ስንመረምር አስቀድመን በሙሉ እይታ እንመርምር፤ ዝርዝሩን አጉልቶ ሊያሳየን የሚቸኩለውን ተማሪም በትዕግሥት ወደ ሙሉው እንመልሰው። ተማሪ የሚደክመው ለሚመሰገንበት ነገርና መምህሩ ለሚያየው ነገር ነውና።

ከመካከላችን የኮምፒዩተርን ሥዕል እንደ እውነተኛ ሥዕል ለመቁጠር የሚያመነቱ ነባር ባለሙያዎች እንዳሉ አውቃለሁ። ለእነርሱ የምለው አንድ ነገር አለ። በሸራ ፊት ቆማችሁ የተማራችሁት ወደ ኋላ የመራቅ፣ የመገልበጥና ወረቀትን የማዞር ልማድ በእነዚህ ቁልፎች ውስጥ ተቀምጦ የሚያስተምረው ሰው እየጠበቀ ነው። ወጣቶቹ ቁልፉን ያውቁታል፤ መቼና ለምን እንደሚጫኑት የምታውቁት ግን እናንተ ናችሁ። የማኅበራችን የሥልጠና መርሐ ግብር ሁለቱን ወገኖች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ቢያገናኝ፣ አንዱ ለሌላው የሚሰጠው እንደማያጣ አልጠራጠርም።